ሁለት ንባብ

መጋቢት አጋማሽ ነው። ቢቸና ዳር፣ ጤና ጣቢያው በሚቆምበት ማሳ
ጉድጓዱ እስከ ደረቴ ይደርሳል፤
የመረሬው ንቃቃት ክንዴን እስከ ክርኔ ይውጣል፤
ዶማ ሲያርፍበት እንደ ደወል ይጮኻል።

"ይኼን ነው የምትፈትኑት?" አለ አቶ ቢያዝን፣ ኮንትራክተሩ፣
በጫማው ረገጥ እያደረገ፣ እየሳቀ፤
"አለት እኮ ነው!"

ብረቱን ሳህን በስስ አሸዋ ላይ አስተካክለን አስቀመጥን፤
በሳህኑ ላይ ክሪክ፣ በክሪኩ ላይ ጥቁር ድንጋይ የጫነ ሲኖትራክ።
ሁለቱ ጌጆች ቀጭን እግራቸውን ሳህኑ ላይ አሳርፈው
ግራና ቀኝ እንደ ምስክር ቆሙ።

እኔ መዝጋቢ ነኝ፤ ስሜ ሪፖርቱ ላይ አይወጣም።
በአንድ ደቂቃ፣ በሁለት፣ በአራት፣ በስምንት፣
መርፌው ያለውን እጽፋለሁ።
ጨመርን። ጻፍኩ። ጨመርን። ጻፍኩ።
መኪናው ከጎማው ሊነሣ ትንሽ ሲቀረው
መሬቱ የሰጠን ሦስት ሚሊ ነው።
ሦስት።
አቶ ቢያዝን ስልኩን አወጣ፣ ሲሚንቶ ሊያዝዝ።

ባንቺዓምላክ ግን፣ መሐንዲሷ፣ አንድ ቱቦ ከሣጥኑ መዘዘች፤
አፍንጫው ሸክላ፣ ሆዱ ውኃ፣ አናቱ ላይ ቆጣሪ።
"የአፈሩን ጥማት ይለካል" አለችኝ።
ሰካነው። አፈሩ በሸክላው በኩል ሳበ፣ ሳበ፤
ቆጣሪው ሰማንያ ሲደርስ አቃተው፣
አየር ተነፈሰ።
"ጥማቱ ከዚህም ይልቃል። ሲያጸናው የዋለው እሱ ነው።
በቅንጣትና በቅንጣት መካከል የቀረች ቀጭን ውኃ አለች፤
እሷ ናት ጎትታ ያጣበቀቻቸው።"

ዘበኛው ጋሼ እንየው ጋቢያቸውን አጣፍተው ይሰማሉ።
ማሳው የእሳቸው ነበር፤ ጤፍና ጓያ አፈራርቀውበታል።
"በሬዬ እስከ ሆዱ የሰጠመው እዚች ነው፣ ሳህናችሁ ካለባት፣
በሐምሌ አቦ ማግስት። በጠፍር ጎትተን ነው ያወጣነው"
አሉና፣ ለራሳቸው ይመስል፣
"የመረሬውን ቃል በመጋቢት አትስማ፣
ሐምሌ ሲመጣ ነው ልቡ የሚሰማ።"

ውኃ አስጫንን። ሃያ አራት ጀሪካን፣ በሦስት አህያ።
አንጓች፣ የአህዮቹ ባለቤት፣ "ጉድጓድ ልታጠጡ?" አለችና
ሒሳቧን ቀድማ ተቀበለች።
ንቃቃቱ እየተንጎረጎረ ጠጣ። በማግሥቱም ጠጣ።
ሦስተኛው ሌሊት ላይ፣ በባትሪ ብርሃን፣ መርፌው ወደ ኋላ ሲሄድ አየሁት፤
መሬቱ ጠግቦ፣ አብጦ፣ ሳህኑን ሽቅብ ይገፋል።
ዓይኔን አሸሁ። አራት ሚሊ። ጻፍኩ።

ሲነጋ ጨመርን። ጻፍኩ።
ጨመርን፤ መጻፉ አልደረሰልኝም።
ገና በግማሹ ሸክም መርፌው ዙሩን ጨርሶ ሌላ ዙር ጀመረ፤
ሃያ አራት አልኩ፣ ሠላሳ አንድ፣ አንድ ሰው "ተው! ተው!" አለ፣
ሳህኑ ገንፎ ላይ እንደ ተጣለ ማንኪያ
ጠርዙን ደፍቶ ገባ።

ወንድሜ ትዝ አለኝ።
በዚያ በጠኔው ዓመት አንድ ቁና ሽምብራ
ፍሬ በፍሬ ቆጥረን እኩል ተካፍለናል፤
በአንድ ቡሉኮ ሥር ጀርባ ለጀርባ ተጣብቀን አድረናል።
ኋላ ዝናቡ መጣ፣ ጎተራው ሞላ፣
በክንድ በማትሞላ ወሰን ፍርድ ቤት ቆምን።
ሰባት ዓመቱ ነው።
ፎርሙ ለዚህ ዓምድ የለውም።

ባንቺዓምላክ ደረቁን ቁጥር አልሰረዘችም፤
ከጎኑ እርጥቡን አስጻፈችኝና ከሥሩ አሰመረች፦
"መሠረቱ በዚህ ይነደፍ።"
አቶ ቢያዝን ከመኪናው ጀርባ ስልክ ላይ ነው፤ ድምፁ አነሰ።
ጋሼ እንየው ጉድጓዱን አጎንብሰው አዩ፤
"እንዲህ ነው እንጂ" አሉ፣ እንደ ጥንት ወዳጅ።

ወደ ማርቆስ ስንመለስ
መዳፌ ላይ የቀረው ጭቃ በመስኮቱ ነፋስ ይደርቃል፤
እየደረቀም
ጣቶቼን አንድ ላይ ስቦ ያዛቸው።